የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የዛሬው ከነገው ለምን ይበልጥብናል?

በዚህ ዕትም ከሐዋሳና ከአካባቢዋ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ የሚጠይቁት ግን አንድ ነገር ስለሆነ፣ ይኸውም ሰው ቆይቶ ከሚመጣ ትልቅ ጥቅም ይልቅ አሁን የሚገኘውን ትንሹን የሚመርጠው ለምን እንደሆነ ስለሆነ፣ መልሱም ተያይዞ ቢነበብ ይሻላል ብለን አስበናል። ደብዳቤዎቹን በማሳጠራችን ጸሐፊዎቻቸውን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ የሐዋሳ ከተማ ነዋሪ ስሆን በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት 11 ዓመት አገልግያለሁ። ከባለቤቴ ጋር የጀመርነው ቤት ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮ ሳይለብስ ሦስት ክረምት አልፎበታል። በየወሩ ደመወዝ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው ለቆርቆሮው ይህን ያህል አስቀምጣለሁ ብዬ በወረቀት እጽፋለሁ። ደመወዙ ሲገባ ግን አንድ ነገር አይጠፋም፤ የልጆች ጫማ ይሆናል፣ እንግዳ ይሆናል፣ አንዳንዴም እውነቱን ለመናገር ምንም አስገዳጅ ነገር ሳይኖር ገንዘቡ ያልቃል፤ እኔም «በሚቀጥለው ወር» እላለሁ። ይበልጥ የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ከባልደረቦቼ ጋር በገባሁት 20 ሰው ባለው እቁብ በሳምንት 500 ብር እጥላለሁ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሳምንት አጓድዬ አላውቅም። ሆኖም ባለፈው ዙር ዕጣ ለወጣላት ባልደረባዬ 1,000 ብር ከፍዬ ዕጣዋን ገዛሁና በገንዘቡ ስልክ ቀየርኩ። በእኔ ስም የሚወጣውን እሷ እንድትወስድ ተስማምተን ነበር፤ ስሜም ልክ በስምንተኛው ሳምንት ወጣ። ስምንት ሳምንት ላለመጠበቅ 1,000 ብር መክፈሌን ሳስበው አፍራለሁ። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ኪሳራውን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ለእቁብ የምታመን ሴት ለራሴ የማልታመነው ለምንድን ነው?

የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ የገለጹት ነገር በእርስዎ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን በመጀመሪያ ልንገርዎ። ሥነ ልቦናና ምጣኔ ሀብት የሚያጠኑ ሰዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲመረምሩት የቆዩት ጉዳይ ነው፤ ሒሳብ ማወቅም ብቻውን እንደማያድን በየጊዜው አይተዋል።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሰው ሁሉ የነገን ጥቅም ከዛሬው አሳንሶ ይመዝናል፤ ይህም በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገ ከመድረሱ በፊት ሞት ሊመጣ፣ ቃል የገባው ሰው ሊክድ፣ የገንዘቡም የመግዛት አቅም ሊወርድ ይችላል። በኑሮ ውድነት ዘመን መቶ ብርን ለዓመት አስቀምጦ መቶ ብር ሆኖ መቀበል ኪሳራ መሆኑን ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ያውቃል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» ያሉት፣ ሹመት የማይጸና መሆኑን አይተውም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለው፣ ሩቅ ተስፋን ባዶ ሆኖ ስላገኙት ነው። ምሳሌው የሚመክረውን ሁሉ ልንቀበለው አይገባንም፤ የተነሣበት ፍርሃት ግን እውነተኛ ነው።

ይህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ግን የእርስዎን ወረቀት አያብራራውም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ፖል ሳሙኤልሰን እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ቀመር ሰው የወደፊቱን ጥቅም ለእያንዳንዱ የመቆያ ጊዜ በእኩል መጠን እየቀነሰ እንደሚመዝን ታሳቢ አደረገ፤ ሰው በእርግጥ እንዲህ ነው ብሎ እንዳልተከራከረም እዚያው ጽፏል። ቀመሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ደመወዝ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው «ይሻላል» ያሉት ነገር ደመወዙ በገባበት ዕለትም ይሻል ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ስለ ቆርቆሮው የተማሩት አዲስ ነገር የለም፤ የተለወጠው ገንዘቡ ከእጅዎ ያለው ርቀት ብቻ ነው።

አንድ ፈተና በራስዎ ላይ ይሞክሩ። ዛሬ 1,000 ብር እና ከአንድ ወር በኋላ 1,100 ብር ቢቀርብልዎ የትኛውን ይወስዳሉ? ብዙ ሰው የዛሬውን ያነሣል። አሁን ደግሞ ከ12 ወር በኋላ 1,000 ብር እና ከ13 ወር በኋላ 1,100 ብር ቢባሉስ? ያው ሰው እዚህ ላይ «ዓመት ከጠበቅሁ አንድ ወር ምን አላት» ብሎ 1,100ውን ይመርጣል። በሁለቱም ጥያቄ የሚጠበቀው አንድ ወር፣ የሚገኘው ትርፍም 100 ብር ነው። ዓመቱ አልፎ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ያው ሰው ሐሳቡን ለውጦ ወደ 1,000ው ይዞራል። ተመራማሪዎች ትዕግሥት ማጣት ከሚሉት የባሰ አድርገው የሚያዩት ይህንን መገላበጥ ነው፤ ምክንያቱም የታገሠው ሰውና የተጣደፈው ሰው አንድ ናቸው፤ የተገናኙት በተለያየ ቀን ነው።

ኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን አሁን ከሚሰጣቸው 15 ዶላር ጋር እኩል የሚሆንላቸው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቆ ነበር። የመካከለኛው ተጠያቂ መልስ ለአንድ ወር መቆየት 20 ዶላር፣ ለአንድ ዓመት 50፣ ለዐሥር ዓመት 100 ሆነ። በዓመታዊ ወለድ ሲሰላ የመጀመሪያው ወር ከ300 በመቶ በላይ ሲሆን ዐሥሩ ዓመት ግን 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከዚህ የምንረዳው የሰው ችኮላ በጊዜው ርዝመት ላይ እኩል አለመከፋፈሉን ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተከማቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ነው። አንድ ነገር ከእጃችን ሲገባ በድንገት ይገዝፋል፤ ከፒያሳ ጎልቶ የሚታየው የታቦር ተራራ ከአንድ ቤት አጥር ሥር ሲቆሙ እንደሚሰወር፣ አጥሩም ከተራራው የበለጠ እንደሚመስል ማለት ነው።

ይህ ጠባይ በሰው ብቻ አልተወሰነም፤ ጆርጅ አይንስሊ የተባለው የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ሥራ በርግቦችም ላይ አሳይቶታል። ርግቧ የበራውን ቁልፍ ወዲያው ብትነካ ጥቂት እህል ታገኛለች፤ ብትታገሥ የበለጠ ታገኛለች። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወዲያው ትነካለች። ነገር ግን ከመፈተኗ ጥቂት ሰከንዶች አስቀድሞ ሌላ ቁልፍ ቀረበላት፤ ይህን ቀድማ ከነካችው ያ ፈታኙ ቁልፍ አይመጣባትም። ከርግቦቹ ጥቂቶቹ ይህን ተማሩ፤ ፈተናው ሲመጣ እንደሚሸነፉ ያወቁ ይመስል አስቀድመው በሩን ዘጉት። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚታወሰኝ የእኛ እቁብ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ ልብ እንምጣ። እቁብ ሲገቡ የወሰኑት ገንዘቡ በእጅዎ ከመግባቱ ከብዙ ሳምንታት በፊት ነው፤ ማለትም ሁሉም ነገር ሩቅ በነበረበት፣ ማስተዋልዎ ባልተፈተነበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እንደገና መወሰን አይጠበቅብዎትም፤ ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ ዋስ የሆነልዎ ሰው አለ፣ ባልደረቦችዎ ያዩዎታል። መጣሉን ቢተዉ የሚደርስብዎ ኀፍረት የሚመጣው ነገ ሳይሆን ዛሬውኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ ላይ ያለው ክብደት፣ ሌላ ጊዜ የሚጎዳዎ፣ በእቁብ ውስጥ ከእርስዎ ጋር ይቆማል። በወረቀት ላይ የጻፉት የቆርቆሮ ገንዘብ ግን ዳኛም ዋስም የለውም፤ ውሳኔውም በየወሩ እንደ አዲስ የሚሰጠው ውሳኔ ለመስጠት በማይመቸው ዕለት ነው። ለእቁብ የታመኑት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ለራስዎ ያልታመኑ የመሰለዎት ብቻዎን ስለተተዉ ነው።

ይህን በፊሊፒንስ ሚንዳናኦ ደሴት የተደረገ ጥናት ያጠናክረዋል። ናቫ አሽራፍ፣ ዲን ካርላንና ዌስሊ ዪን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት በዚህ ሥራ፣ አንድ ባንክ ለነባር ደንበኞቹ ራሳቸው የወሰኑት ቀን ወይም መጠን እስኪደርስ ገንዘባቸውን ማውጣት የማይችሉበት ሒሳብ አቀረበላቸው። ሒሳቡ ከሌላው የተለየ ወለድ አልነበረውም፤ የሚሰጠው ነገር መከልከል ብቻ ነበር። እንዲያም ሆኖ ከቀረበላቸው ሰዎች 28 በመቶ ያህሉ ተቀበሉት፤ ከዓመት በኋላም ሒሳቡ የቀረበላቸው ሰዎች አማካይ ቁጠባ ካልቀረበላቸው ጋር ሲነጻጸር በ80 በመቶ ገደማ አደገ። በተለይም እላይ በጠየቅሁዎ ዓይነት ፈተና ምርጫቸው የሚገላበጥ ሴቶች ሒሳቡን ለመክፈት ቀዳሚዎች ነበሩ። ድክመታቸውን ያወቁ ሰዎች መከልከልን ፈለጉ ማለት ነው። እናቶቻችን እቁብ ሲገቡ ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ዕጣውን ስለገዙበት 1,000 ብር ግን እውነቱን ልናገር። ጠቅላላው 10,000 ብር ሲሆን በእጅዎ የገባው 9,000 ነው፤ ስለዚህ በ9,000 ብር ላይ ለስምንት ሳምንት 1,000 ብር፣ ማለትም 11 በመቶ ገደማ ከፍለዋል። በዓመት ሲሰላ ከ70 በመቶ ያልፋል፤ ይህም ማንኛውም ባንክ ሊጠይቅዎ ከሚችለው ወለድ እጅግ ይበልጣል። ሆኖም ዕጣ መግዛት ሁልጊዜ ስሕተት ነው አልልም። ልጅ ታሞ፣ ዘመድ ሞቶ፣ ቤት ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ያ ገንዘብ የተከፈለበትን ዋጋ ያወጣ ነበር፤ እቁብተኞች ዕጣ የሚለቅቁትም ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው። ለስልክ ግን ውድ ነበር። ለወደፊቱ ዕጣ ከመግዛትዎ በፊት የሚከፍሉትን ብር ሳይሆን በዓመት ስንት በመቶ እንደሚመጣ ይጻፉ፤ ሒሳብ ማወቅዎ የሚጠቅምዎ እዚያ ላይ ነው።

ቆርቆሮውን በተመለከተ በየወሩ ራስዎን ለማሸነፍ መታገሉን ይተዉና ትግሉ የማያስፈልግበትን መንገድ ያዘጋጁ። ከደመወዝዎ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ፣ አሠሪውም 11 በመቶ ሲጨምርበት፣ አንድም ወር «በሚቀጥለው ይቆረጥ» ብለው ያውቃሉ? አያውቁም፤ ምክንያቱም ገንዘቡ እጅዎ ሳይገባ ይሄዳል። እንዲሁ ደመወዝ በገባበት ዕለት የተወሰነ መጠን ወደ ሌላ ሒሳብ በራሱ እንዲዛወር ለባንክዎ ትእዛዝ ይስጡ፤ ወይም ከባለቤትዎ ጋር ተነጋግረው ገንዘቡ እንደገባ በዕለቱ ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ይግዙና ያስቀምጡ። ብር በእጅ ሲያዝ ያልቃል፣ ብሎኬትና ቆርቆሮ ግን ይቆያል እያሉ ቤታቸውን በጥቂት በጥቂቱ የሠሩ ሰዎች ባንክን ያልተረዱ አድርጎ የሚቆጥራቸው አለ። እኔ አልስማማም፤ ከዋጋ ንረትም ከራሳቸውም በአንድ ጊዜ ያመለጡ ናቸው። ደመወዝ ሲጨመር ደግሞ ጭማሪው ገና ሳይደርስ ግማሹን ለቤቱ ይመድቡ። ቴለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደጻፉት፣ በአንድ ድርጅት ውስጥ ከወደፊት የደመወዝ ጭማሪያቸው ለመቆጠብ ቃል የገቡ ሠራተኞች በ40 ወር ውስጥ ቁጠባቸውን ከ3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ አድርሰዋል፤ ከዛሬው ኪሳቸው ምንም ስላልተነሣ አልከበዳቸውም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ በጣም ችኩል ነው። እኅቱ የተሰጣትን ብስኩት ከፍላ ለማታ ታስቀምጣለች፤ እሱ ግን የራሱን በአንድ ጊዜ ጨርሶ የእሷን ይለምናል። አንድ ጓደኛዬ በውጭ አገር ልጆችን በከረሜላ እየፈተኑ የሚታገሠው ልጅ ኋላ በትምህርትም በኑሮም እንደሚሳካለት፣ የማይታገሠው እንደማይሳካለት አረጋግጠዋል ሲል ነገረኝ። እኔም ቤት ውስጥ ሞክሬው ልጄ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ልጨነቅ ይገባኛልን?

የሁለት ልጆች አባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ አይጨነቁ። ጓደኛዎ የነገረዎ ሙከራ በእርግጥ ተደርጓል፤ የነገረዎ መደምደሚያ ግን ጊዜ ያለፈበት ነው። ዋልተር ሚሼል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አራት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች አንድ ጣፋጭ ፊት ለፊታቸው አስቀምጦ፣ እስኪመለስ ከጠበቁ ሁለት እንደሚሰጣቸው ነግሯቸው ይወጣ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሲከታተላቸው ረዥም የቆዩት በትምህርት የተሻሉ ሆነው ታዩ። ነገር ግን የተከታተላቸው ልጆች ቁጥር ጥቂት ነበር፤ አብዛኞቹም የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ልጆች ነበሩ። ታይለር ዋትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ900 በሚበልጡ ከተለያየ ቤተሰብ በመጡ ልጆች ላይ ሲያጠኑት ዝምድናው በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ የቤተሰቡን ሁኔታና የልጁን የቀድሞ ችሎታ ሲያስቡበት ደግሞ ከቀረውም አብዛኛው ጠፋ። የልጁን ዕድል የሚነግር መስታወት አይደለም።

ለአባት ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላ ጥናት ነው። በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሴለስት ኪድና ባልደረቦቿ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ይህ ሙከራ 28 ልጆችን ብቻ የያዘ ቢሆንም ውጤቱ ጎልቶ የሚታይ ነው። ከጣፋጩ በፊት ልጆቹን ሥዕል እንዲሥሉ አስቀመጧቸውና የተሻለ ቀለም እናመጣላችኋለን ብለው ወጡ። ለግማሾቹ ልጆች በቃላቸው መሠረት አመጡላቸው፤ ለግማሾቹ ግን ባዶ እጃቸውን ተመልሰው «ይቅርታ፣ የለም» አሏቸው። ከዚያ የጣፋጩ ፈተና ቀረበ። ቃል የተጠበቀላቸው ልጆች በአማካይ 12 ደቂቃ ገደማ ቆዩ፤ የተታለሉት ሦስት ደቂቃ ብቻ። ከመጀመሪያዎቹ 14 ልጆች ዘጠኙ 15ቱን ደቂቃ ሲጨርሱ ከተታለሉት 14 ልጆች ግን የጨረሰው አንድ ብቻ ነው። የተታለሉት ልጆች ችኩሎች ነበሩ ማለት ይቻላልን? እኔ አስተዋዮች ነበሩ እላለሁ፤ የማይመጣን ነገር መጠበቅ ትዕግሥት ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናደርገውን አንድ ነገር ላንሣ። ልጅ በሱቅ በር ላይ ሲያለቅስ «እሺ፣ ነገ እገዛልሃለሁ» እንላለን፤ የምንለውም ዝም እንዲል ነው። እሑድ ሐይቅ ዳር ወስጄ አባ ኮዳ አሳይሃለሁ እንላለን፤ እሑድ እንግዳ ይመጣል። ትልቅ ሰው ይህን ይረሳዋል፤ ልጅ ግን አይረሳውም። ሃያና ሠላሳ ጊዜ ሲደጋገምበት «ነገ» የሚለውን ቃል ትርጉም ይማራል፤ በእሱ መዝገበ ቃላት ነገ ማለት «የለም» ማለት ይሆናል። ከዚያ በኋላ «አሁን ካልበላህ ማታ ሁለት እሰጥሃለሁ» ስንለው ቢያፋጥጠን ቅር ሊለን አይገባም። ልጅዎ እንዲህ ሆኗል ማለቴ አይደለም፤ ቤትዎን አላውቅም። ነገር ግን ከመፈተንዎ በፊት ለአንድ ወር ያህል የማይፈጽሙትን ነገር ቃል አይግቡለት፤ መግዛት የማይችሉ ከሆነም «አልገዛም» ይበሉት፤ ለቅሶው ያልፋል። ቃል የገቡለትን ደግሞ ትንሽም ቢሆን በሰዓቱ ያድርጉለት።

ሌላው ነገር መጠበቅ የሚማሩት መሆኑ ነው። ሚሼል ራሱ እንዳየው ጣፋጩ ሲሸፈን ልጆቹ እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ፤ የተሳካላቸውም ፊታቸውን እያዞሩ፣ እየዘፈኑ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው እየጋረዱ ነበር እንጂ ጣፋጩን እያፈጠጡ አልነበረም። ስለዚህ ብስኩቱን ፊቱ አስቀምጠው «ታገሥ» አይበሉት፤ መደርደሪያ ላይ አንሡለትና እንዲጫወት ይልቀቁት። አስተዳደግም ለውጥ ያመጣል፤ ቤቲና ላም የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ባደረገችው ጥናት ከካሜሩን የንሶ ገበሬ ቤተሰቦች የመጡ የአራት ዓመት ልጆች 70 በመቶ ገደማ እስከ መጨረሻው ሲጠብቁ ከጀርመን መካከለኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች የጠበቁት 28 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ትዕግሥት የሀብታም አገር ልጆች ስጦታ አድርገን እንዳንቆጥረው ይህን ማወቁ ደግ ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ሲዳማ ገጠር ይኖራሉ። አባቴ እንሰት ተክለው አምስትና ስድስት ዓመት ይጠብቃሉ። እኒሁ አባቴ ግን ቡናው ገና ሳይቀላ በነሐሴ ከነጋዴ ብር ተቀብለው በርካሽ ይሸጡታል፤ በኅዳር ቢሸጡ የተሻለ እንደሚያገኙ እያወቁ። አንድ ሰው በአንዱ ታጋሽ በሌላው ችኩል እንዴት ይሆናል? ወይስ ድኻ ሰው በባሕርዩ ስለ ነገ አያስብም የሚሉት እውነት ነው?

ተማሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ የመጨረሻውን ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ፤ እውነት አይደለም። አባትህ ራሳቸው ማስረጃ ናቸው።

የእንሰቱን ማሳ ልብ ብለህ ተመልከት። ሁሉም እንሰት በአንድ ጊዜ አልተተከለም፤ ችግኙ አለ፣ ሁለተኛ ጊዜ ተነቅሎ የተተከለው አለ፣ ሊደርስ ዓመት የቀረው አለ፣ ለመፋቅ የደረሰ አለ። ስለዚህ አምስትና ስድስት ዓመት የሚጠበቅ ተክል ቢሆንም በየዓመቱ የሚደርስ አይጠፋም። ተክሉ ከቤት ጓሮ ነው፤ ሲያድግ በየቀኑ ይታያል፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ክፉ ዘመን ከመጣም ሙሉ በሙሉ ያልደረሰውን ፍቆ ቆጮ ማድረግ ይቻላል፤ ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ለወራት ይቆያል። አያቶችህ ይህን ሥርዓት ሲያበጁ መጠበቅን ቀላል አድርገውታል። አባትህ የሚታገሡት በዚህ ሥርዓት ላይ ተደግፈው ነው።

ቡናው ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው ገንዘብ የሚሆነው። ነሐሴ ላይ ያ ብር ካለቀ ወራት አልፈዋል፤ በዚያው ወቅት ደግሞ የአንተና የታናናሾችህ የትምህርት ወጪ ይመጣል። ነጋዴው የሚገዛው ቡናውን ብቻ ሳይሆን ይህንን ወር ነው። ስታይን ሆልደን፣ በቀለ ሽፈራውና መተ ቪክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት በኢንዶኔዥያ፣ በዛምቢያና በኢትዮጵያ ገበሬዎችን ጠይቀው፣ ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ የዛሬውን አብልጦ እንደሚመዝን አሳይተዋል። የገንዘብ እጦት ችኮላን ያመጣል፤ ችኮላው ደግሞ በርካሽ ስለሚያሸጥ መልሶ እጦቱን ያከብደዋል። በሕንድ ታሚል ናዱ ደግሞ አናንዲ ማኒና ባልደረቦቿ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና በኋላ ፈትነው፣ እነዚያው ሰዎች ገንዘብ ባጡበት ወቅት በማሰብ ፈተና የከፋ ውጤት እንዳመጡ እ.ኤ.አ. በ2013 ጽፈዋል። ጭንቀት ሐሳብን ይይዛል፤ ለነገ የሚተርፍ ሐሳብ ያንሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በምዕራብ ኬንያ ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን ባደረጉት ሥራ ገበሬዎች ማዳበሪያ የሚገዙበት ጊዜ ሲደርስ ገንዘብ እንደማይኖራቸው አይተው፣ ምርት በሸጡበት ሰሞን ማዳበሪያውን እንዲገዙና በነጻ እንዲመጣላቸው አቀረቡላቸው፤ ተጠቃሚው በግልጽ ጨመረ። ለእናንተም የሚሠራው ይኸው ሐሳብ ነው። በታኅሣሥ፣ የቡናው ብር ገና እጅ ላይ ሳለ፣ ለሚቀጥለው መስከረም የሚያስፈልገውን የትምህርት ወጪ አባትህ ለይተው በአንተ ወይም በእናትህ ስም ባለ ሒሳብ እንዲያስገቡ፣ ወይም በግና ጊደር ገዝተው ለነሐሴ እንዲያቆዩ ተመካከሩ። ከነጋዴው የሚቀበሉት የቅድሚያ ብር በኅዳር ዋጋ ሲሰላ ስንት እንደሚያሳጣ አንተ ጽፈህ አሳያቸው፤ የሚያውቁት ነገር ቢሆንም በቁጥር ሲታይ ሌላ ነው። በአቅራቢያችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ፣ የትርፍ ክፍፍሉን በወቅቱ የሚከፍል መሆኑን ከአባላቱ አጣሩ፤ ከዘገየ ወይም ካልተከፈለ አባትህ ነጋዴውን ቢመርጡ አትፍረድባቸው።

ይህን ስትነጋገሩ በታኅሣሥ ይሁን፤ በነሐሴ አታንሣው። በነሐሴ አባትህ የሚሰሙህ ነጋዴው በር ላይ ቆሞ እያለ ነው።